አረንጓዴው አፕል ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ለምን ይጠቁራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አፕልንና ማቀዝቀዣ ክፍልን የሚመለከቱ ጥያቄዎች በርከት ብለው ስለደረሱን በዚህ እትም አንድ ላይ መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ፍራፍሬ በጅምላ አከፋፍላለሁ። አረንጓዴ አፕል በካርቶን ገዝቼ 1 ዲግሪ ላይ ሁለት ወር ተኩል አቆየሁ። ሲወጣ ንጹሕ ነበር። ሱቆች ከተረከቡኝ በኋላ ግን በአራተኛው ቀን ልጣጩ ላይ ቡናማ እድፍ ወጥቶበት መለሱልኝ። ሱቅ ውስጥ ሙቀት መትቶት ነው?

መልስ፦ ሱቆቹን አይውቀሱ። ጉዳቱ የጀመረው ፍሬው በቅዝቃዜ ውስጥ ሳለ ነው፤ ሙቀቱ ያደረገው የተደበቀውን ማውጣት ብቻ ነው። በሙያው ስካልድ ይባላል። ለማረጋገጥ አንዱን ፍሬ በቢላ ሳሳ አድርገው ይላጡት። እድፉ ከልጣጩ ጋር ከተነሣና ሥጋው ነጭ ከሆነ ስካልድ ነው። እድፉ ጎድጎድ ያሉ ትንንሽ ነጥቦች ከሆነና ከሥሩ ያለው ሥጋ እንደ ቡሽ ከደረቀ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ፍሬው ዛፍ ላይ ሳለ በቂ ካልሲየም ባለማግኘቱ የሚመጣ ነው፣ ማቀዝቀዣውን ቢያስተካክሉም አይቀርም።

የስካልድ አመጣጥ እንዲህ ነው። አፕል ሲበስል ኤቲሊን የተባለውን የማብሰያ ሆርሞን ራሱ ያመነጫል። ኤቲሊን ጋዝ ነው፤ አንዴ መመንጨት ከጀመረ ፍሬው ተጨማሪ ኤቲሊን እንዲሠራ ያነሣሣዋል። ከሚያስከትላቸው ነገሮች አንዱ አልፋ ፋርኔሲን የተባለ ውሕድ በልጣጩ ውስጥ መመረቱ ነው። ይህ ውሕድ በመጀመሪያዎቹ የማቆያ ሳምንታት ልጣጩ ላይ ይጠራቀምና ከኦክሲጅን ጋር እየተዋሐደ ይለወጣል። ያን ጊዜ የልጣጩ ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ ሕዋሱ ሲሞት ተለያይተው የነበሩ ንጥረ ነገሮች ይገናኙና ቡናማ ቀለም ይፈጥራሉ። ቅዝቃዜ ይህን የመጨረሻ ደረጃ ያዘገየዋል። ፍሬው ወደ 20 ዲግሪ ሲወጣ ግን ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይፋ ይሆናል።

ዝርያውም ወሳኝ ነው። ግራኒ ስሚዝና ሬድ ዴሊሸስ በቀላሉ ይጠቃሉ፤ ጋላና ጎልደን ዴሊሸስ ይሻላሉ። በግራኒ ስሚዝ ላይ የሚከፋው ደግሞ የኤቲሊን ምርቱን የሚቀሰቅሰው ቅዝቃዜው ራሱ መሆኑ ነው። ከውጭ የመጣ አፕል ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይዩ፦ 4017 ትልቁ ግራኒ ስሚዝ፣ 4016 ትልቁ ሬድ ዴሊሸስ ነው። ሲገዙ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የተለቀመበትን ወር ይጠይቁ። የባሕር ማዶ አፕል እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን በቅዝቃዜ አሳልፏል። ሁለት ወር ተኩል ያሉት ቆጠራ የጀመረው ከእርስዎ በር አይደለም።

ለቀጣዩ ዙር ይህን ያድርጉ። ዕቃው በገባ በየሁለት ሳምንቱ ከተለያዩ ካርቶኖች 20 ፍሬ አውጥተው ቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ 7 ቀን ያስቀምጡ። አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ቡናማ ካሳየ የቀረውን ሳይውል ሳያድር ይሽጡ። ለሱቆችም በሁለትና በሦስት ቀን የሚያልቅ መጠን ብቻ ይስጡ። እድፍ የወጣበት ፍሬ ለጤና አይጎዳም፤ ተልጦ ለጭማቂ ቤት ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ መርካቶ ያለው ማቀዝቀዣ ክፍላችን ሙዝ ከሚበስልበት ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሙዙ በላምባ ጭስ ነው የሚበስለው። አፕላችንን ይጎዳዋል?

መልስ፦ አዎ። ላምባ በደንብ ሳይነድ ሲጨስ ከሚወጡት ጋዞች አንዱ ኤቲሊን ነው፤ ሙዙን የሚያበስለውም እሱ ነው። ሙዙም ራሱ መብሰል ሲጀምር ኤቲሊን ይለቃል። ጋዙ በዚህ መጠን አይሸትም፣ በበር ስንጥቅና በቱቦ ቀዳዳ በኩል ይገባል። አፕሉ ቶሎ ይበስላል፣ ይለሰልሳል፣ ለስካልድም ይመቻቻል።

የበሩን ጎማ ይለውጡ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የቧንቧ ማለፊያዎችን በሲሊኮን ይድፈኑ። ክፍሉን ንጋት 12 ሰዓት ገደማ፣ የከተማው አየር ቀዝቃዛ በሆነበት፣ ለ15 ደቂቃ ያህል ያናፍሱ፤ በዚያ ሰዓት ግን ጎረቤት ጭስ አለማስነሣቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። ሙዝና አፕልን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፤ አፕል ከ0 እስከ 1 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ልጣጩ ይጠቁራል። ጎረቤትዎ ሙዙን ለማብሰል ካርባይድ የተባለውን ኬሚካል የሚጠቀም ከሆነ ጉዳዩ ከአፕል ያለፈ ነው፤ ከካርባይድ ጋር አርሴኒክና ፎስፊን የተባሉ መርዞች ሊኖሩ ስለሚችሉ ለሠራተኛውም ለበላተኛውም አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ከጨንቻ የሚመጣ አፕል ካዛንቺስ እሸጣለሁ። ችግሩን የሚያመጣው የማብሰያ ሆርሞን ከሆነ ገና ሳይበስል ቢለቀም ይድናል ማለት ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ያለ ጊዜው የተለቀመ አፕል በስካልድ ይበልጥ ይጠቃል። ልጣጩ ጉዳቱን የሚከላከሉ ፀረ ኦክሲጅን ንጥረ ነገሮችን ገና አላደለበም፤ ኤቲሊኑ ደግሞ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ መምጣቱ አይቀርም። ጥፋቱን የሚሠራው ሲመጣ መከላከያው ሳሳ ብሎ ይጠብቀዋል።

የመልቀሚያውን ጊዜ በአዮዲን መለየት ይቻላል። 8.8 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በጥቂት ለብ ያለ ውኃ ያሟሙ፣ 2.2 ግራም አዮዲን ይጨምሩበት፣ ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ ውኃውን 1 ሊትር ይሙሉ። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ፤ አዮዲን በባዶ ውኃ በደንብ አይሟሟም። ከማሳው 10 ያህል ፍሬ ወገባቸው ላይ ቆርጠው የተቆረጠውን ፊት ለ1 ደቂቃ ይንከሩ። ስታርች (ባልበሰለ ፍሬ ውስጥ የሚገኝና ሲበስል ወደ ስኳር የሚለወጥ ንጥረ ነገር) ያለበት ቦታ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ፍሬው በሙሉ ከጠቆረ ገና ነው። የዘሩ አካባቢ ነጥቶ ዳር ዳሩ ከጠቆረ ለማቆየት ይሆናል። በሙሉ ከነጣ በቶሎ የሚሸጥ እንጂ የሚቆይ አይደለም። አዮዲን የነካውን ፍሬ ማንም አይብላው፣ ለከብትም አይሰጥ። ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት ነው፤ ከጨንቻ አዲስ አበባ መንገዱ ረጅም ነውና ጭነቱ በሌሊት ቢጓዝና እንደደረሰ ወደ ቅዝቃዜ ቢገባ ብዙ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ኤቲሊንን የሚያግድ ጋዝ አለ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ዋን ኤምሲፒ ይባላል። በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሲስለርና ሲልቪያ ብላንከንሺፕ ያገኙት ሲሆን የፈጠራ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ተመዝግቧል። ጋዙ ፍሬው ኤቲሊንን የሚቀበልበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ ኤቲሊን ቢኖርም ትእዛዙ አይደርስም፣ አልፋ ፋርኔሲኑም በብዛት አይመረትም። መጠኑ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን አንድ እጅ ሲሆን አየር በማያስወጣ ክፍል ለ24 ሰዓት ይሰጣል።

ጊዜው ካለፈ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። አፕሉ በተለቀመ በቀናት ውስጥ፣ ገና ኤቲሊን ሳያበዛ መሰጠት አለበት፤ ለወራት የቆየ የውጭ አፕል ላይ ቢረጩት የተጎዳ ልጣጭ አይመለስም። በዚያ ክፍል አረንጓዴ ሙዝ አይኑር፣ በኋላ በወጉ አይበስልም። ከመግዛትዎ በፊት ምርቱ ለአገር ውስጥ አገልግሎት መመዝገቡን ከግብርና ባለሥልጣን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ካለ ሱቅ የገዛሁት አፕል ልጣጩ ቅባት የተቀባ ይመስላል። ኬሚካል ይሆን?

መልስ፦ ከቆየ አፕል ላይ እንዲህ ያለ ቅባት ብዙውን ጊዜ የፍሬው የራሱ ነው። በኤቲሊን ግፊት መብሰሉ ሲገፋ የልጣጩ ተፈጥሯዊ ሰም ይለሰልስና እጅ ላይ ይሙለጨለጫል። ለብ ባለ ውኃ እያሹ አጥበው ይብሉት፤ የተረፈውን ፍሪጅ ያስገቡና በዚሁ ሳምንት ይጨርሱት።