መኪና በአጭር ሞላ ዝቅ ካደረጉ በኋላ የሚመጡ ችግሮች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት በፋብሪካው ሞላ ፋንታ አጭር ሞላ ካስገቡ ባለ መኪናዎች ነው። ከመጨረሻው በስተቀር ሁሉም የቤት መኪኖች ናቸው፤ ከፊት ሞላውና አሞርዛተሩ (የሞላውን መወዛወዝ የሚያረጋጋው) አንድ ላይ የታሰሩ፣ ከኋላ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ወጥ ቢም (ተሻጋሪ ብረት) ያላቸው።

ጥያቄ፦ ኮሮላ ነው። ሞላው 30 ሚሊ ሜትር ይወርዳል ተብሎ ተገዛ፤ ፊቱ የወረደው ግን 15 ብቻ ነው። የተሳሳተ ሞላ ሰጥተውኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሞላውን ለመመለስ አትቸኩል። ከምን እስከ ምን ነው የለካኸው? ከመሬት ከሆነ የጎማው ንፋስ ያታልልሃል። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ፤ መሬቱ ሜዳ፣ መሪው ቀጥ ያለ ይሁን።

ልኩ ያው ከሆነ ብራቾውን፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን ክንድ፣ ጠርጥር። የብራቾ ቡሽ (ብራቾው የሚታሰርበት ባለ ጎማ ቀለበት) ውስጡ ያለው ጎማ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው፤ በነፃነት አይሽከረከርም፣ ይጠማዘዛል እንጂ። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ብራቾው ቁልቁል እንደተንጠለጠለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ቡሹ ተጠማዝዞ እንደ ተጨማሪ ሞላ ወደ ላይ ይገፋል። ጋራዡ ብራቾውን ባይነካው እንኳ ቡሹ የታሰረው በድሮው ከፍታ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መኪናውን ቦይ ላይ አቁመህ፣ አራቱም ጎማ እንደረገጠ የብራቾውን ብሎኖች ትንሽ አላላ፤ ፊቱን አራት አምስት ጊዜ ወደ ታች ተጫን፤ ከዚያ አምራቹ ባዘዘው ጥብቀት እሰር። ይህ ካልተደረገ ቡሹ ያለ ዕድሜው ይቀደዳል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሞላው ራሱ ትንሽ ይረግጣል፤ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) የሚሠራው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ኮብልስቶን ላይ ከፊት በኩል «ቋ ቋ» ይላል። አሞርዛተሩ አዲስ ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ ቆሞ ፈትን። አንድ ሰው መሪውን ከጫፍ ጫፍ ያዙር፣ አንተ መዳፍህን ሞላው ላይ በጎን አሳርፍ፤ ጣትህን በጥምዝ መሃል እንዳታስገባ። ሞላው እየተወጠረ ቆይቶ «ድንግ» ብሎ ከዘለለ ችግሩ ከላይ ያለው፣ ሞላው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው፤ አርጅቷል ወይ ተገልብጦ ገብቷል።

መሪው ዝም ካለና ድምፁ በቀጥታ መንገድ ላይ ብቻ ከሆነ፣ የስታቢላይዘር (መኪናው ሲታጠፍ ማዘንበሉን የሚቀንሰው ብረት) ማያያዣ ሊንኮቹን ሁለቱንም ፍታና በዝግታ ትንሽ ንዳ። ከጠፋ ሊንኩ ነው። ካልጠፋ የአሞርዛተሩን የላይ ዳዶ እይ፦ በአየር መፍቻ ሲታሰር ዘንጉ አብሮ ስለሚዞር የጠበቀ ይመስላል፣ ግን አልጠበቀም። ዘንጉን ይዘህ በእጅ እሰረው። በመጨረሻም የሞላው ጫፍ በመቀመጫ ሳህኑ ላይ ካለው እርከን ጋር መግጠሙን አረጋግጥ። ለማስተካከል ስትፈታው የሞላ መጭመቂያውን በሁለት ትይዩ ጎን ሳታስር የላይ ዳዶውን እንዳትነካ፤ የተወጠረ ሞላ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ ሰው ስጭን የፍጥነት መቀነሻ ላይ ከኋላ «ድው» ይላል። ቪትዝ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የአሞርዛተሩ ማቆሚያ ጎማ ጋር እየደረሰ ነው። መውረጃው አጥሯል፣ ማቆሚያ ጎማው ግን የድሮው ቁመት ነው። የሞላው መመሪያ ይህን ያህል ቁረጡ ካለ ያን ያህል ብቻ ይቆረጥ፤ «ድምፁ እንዲጠፋ» ብለው ጭራሽ ካወጡት ብረት ከብረት ይጋጫል፣ አሞርዛተሩም ይሰበራል። መኪናውን ከኋላ ጥግ ተጭነሽ ስትለቂው ደጋግሞ ከተወዛወዘ፣ ወይም አሞርዛተሩ ላይ ዘይት ካየሽ፣ ጥንዱን ቀይሪ።

ጥያቄ፦ ሞላ ከመግዛት የድሮውን ብናስቆርጠውስ?

መልስ፦ ርካሽ ነው፣ እኔ ግን አልመክርም። ሞላ ሲያጥር ይጠነክራል፦ 6 የሚሠሩ ጥምዞች ካሉት አንዱ ሲቆረጥ 20 በመቶ ይጠነክራል፣ አሞርዛተሩ ግን ለዚያ አልተሠራም። ከሁሉ የሚያስፈራው መኪናው በክሪክ ሲነሳ ነው፤ ሞላው ላልቶ ከመቀመጫው ከወጣ ጉድጓድ ላይም ይወጣል። በእሳት አሙቆ ማስረገጥ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፤ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል።

ጥያቄ፦ የፊት ጎማዬ የውስጥ ጠርዙ ተበላ። ካምበር ነው አሉኝ።

መልስ፦ ካምበሩም (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) ተቀይሯል፣ ጎማውን ቶሎ የሚበላው ግን ቶ (ጎማዎቹ ከፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞራቸው) ነው። ቶውን መጀመሪያ አስተካክል፤ ካምበሩ ከዚያ በኋላም ከተረፈ፣ ከአሞርዛተሩ ታች ካሉት ሁለት ብሎኖች አንዱን ማስተካከያ ባለው ብሎን መተካት ይቻላል። የኋላው ቢም ግን ከሺም (በመሃል ከሚገባ ስስ ብረት) ውጪ አይስተካከልም። ፊትና ኋላው እኩል ካልወረደ የመብራቱንም አቅጣጫ አስተካክል።

ጥያቄ፦ ፒክአፕ ነው፣ ኋላውን ዝቅ ካስደረግሁ ወዲህ በዝናብ ፍሬን ስይዝ የኋላው ጎማ ይቆልፋል።

መልስ፦ ጋሼ፣ መኪናውን እስኪያሳዩት አይንዱት። በአንዳንድ ፒክአፖች ላይ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ኋላው ሲወርድ ጭነት የተጫነ ይመስለውና ለኋላው ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። ዘንጉ ለአዲሱ ከፍታ መስተካከል አለበት፤ ይህን በፍሬን ሥራ የሚታወቅ ባለሙያ ይሥራልዎት።