ስምንት ቁራጭ በአንድ እስር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ነው። ጥቂት ዶሮዎች አሉኝ። አምና ኢንፍሉዌንዛ አልጋ ላይ ጥሎኝ ነበር፤ ዘንድሮም ደገመኝ። ልጄ «የቫይረሱ ዘረመል ቁርጥራጭ ስለሆነ ይቀያየራል» አለኝ። እንዴት ነው ነገሩ? ዶሮዎቼስ ያሰጉኛል?

መልስ፦ ልጅዎ እውነቱን ነው። ዘንድሮ ለደገመዎት ሕመም ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። ቫይረሱ ሲባዛ ዘረመሉን ይገለብጣል። የሚገለብጥበት ኢንዛይም ስህተቱን መለስ ብሎ አያርምም። ጥቃቅን ስህተቶች ሲጠራቀሙ የቫይረሱ መልክ ይቀየራል። አምና ያወቀው ሰውነትዎ ዘንድሮ አይለየውም። ክትባቱ በየዓመቱ የሚከለሰውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቁራጮቹ። የኢንፍሉዌንዛ ዘረመል አርኤንኤ ከሚባል ሞለኪውል የተሠራ ነው። አንድ ረጅም ክር ግን አይደለም። ኤ የሚባለው ዓይነት ስምንት የተለያዩ ቁራጮች አሉት። እያንዳንዱ ፕሮቲን ላይ ተጠምጥሞ እንደ ዘንግ ይሆናል፤ ጫፉ ላይም የራሱን መገልበጫ ኢንዛይም ይይዛል። አዲሱ ቫይረስ ከሕዋሳችን ሲወጣ ስምንቱም መሟላት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ብቻውን መባዛት አይችልም። ታዲያ ከየዓይነቱ አንድ አንድ የሚይዘው እንዴት ነው? በየቁራጩ ጫፍ አካባቢ መለያ ምልክት አለ፤ በዚያ ይገናኛሉ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንዱ መሃል ላይ ነው፣ ሰባቱ ዙሪያውን ከበውታል። ለታንኳ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ደንገል ከጫፉ በኩል አይተው ያውቃሉ? እንደዚያ ነው። ዓይን በማያየው ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ ሥርዓት መኖሩ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

የሚያሰጋው እዚህ ላይ ነው። የሰውና የወፍ ቫይረስ አንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቹ ይቀላቀላሉ። የሚወጣው እስር ከሁለቱም የተውጣጣ ሊሆን ይችላል፤ ሰውነታችንም ጨርሶ አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1957 ወረርሽኝ ያስነሳው ቫይረስ ሦስት ቁራጮቹ ከወፍ የመጡ ነበሩ። የ1968ቱ ደግሞ ሁለት።

የዱር ዳክዬዎች ቫይረሱን ብዙ ጊዜ ሳይታመሙ ይሸከሙታል። ጣና ላይ ደግሞ የውሃ ወፍ አይጠፋም። ስለዚህ ዶሮዎችዎን ሐይቁ ዳር አይልቀቋቸው፤ የሚጠጡትንም ከሐይቁ አይቅዱላቸው። በድንገት ተከታትለው ከሞቱ በባዶ እጅ አይንኳቸው፣ ለመብልም አያውሏቸው። ለእንስሳት ሐኪም ይንገሩ።

ለራስዎ ደግሞ አደራ፣ አሞክሳሲሊን ገዝተው አይዋጡ፤ መድኃኒቱ የሚገድለው ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይደለም። ይረፉ፣ ፈሳሽ ይውሰዱ። ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ለቆዎት የነበረው ትኩሳት ከተመለሰ ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።