አኦርታዋ ለጠበበ እናት ስፓይናል ይሰጣል?

ጥያቄ፦ የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። አንዲት የ26 ዓመት ነፍሰ ጡር በቀጠሮ በቀዶ ጥገና ልትወልድ ነው። የቀኝ ክንዷ ግፊት 168/94 ሲሆን የእግሯ የላይኛው ቁጥር 112 ነው። ኮአርክቴሽን (ከልብ የሚወጣው ዋናው ደም ወሳጅ፣ የአኦርታ፣ ጥበት) እንዳለባት በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ተረጋግጧል። እንደ ሌሎቹ እናቶች ስፓይናል (ጀርባ ላይ በአንድ መርፌ ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ) ብሰጣት ምን ይገጥመኛል?

መልስ፦ በአንድ መርፌ ሙሉ መጠን ስፓይናል አይስጧት። ጥበቱ አብዛኛውን ጊዜ የግራ ክንድ ደም ወሳጅ ከሚነሳበት ቦታ አለፍ ብሎ ነው። ወደ ማህፀንና ኩላሊት የሚወርደው ደም በዚያች ጠባብ ቀዳዳና በጎን በተፈጠሩ ቧንቧዎች ብቻ ያልፋል። ስፓይናሉ ከታች ያሉትን ቧንቧዎች በደቂቃዎች ውስጥ ሲያላላ ልብ ጥበቱን አልፎ የጎደለውን መሙላት ይሳነዋል። ክንዷ ላይ 130 እያነበቡ እንግዴ ልጁ ደም ሊያጥረው ይችላል።

ከመድኃኒቱ በፊት የግፊት መለኪያውን ያስቡ። መጀመሪያ ሁለቱንም ክንድና አንድ እግር ይለኩ። ጥበቱ የግራውን ቧንቧ ከነካ ግራ ክንድ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። አልፎ አልፎ ደግሞ የቀኙ ቧንቧ ራሱ ከጥበቱ በታች ይነሳል፤ ያኔ የሚያታልለው ቀኙ ነው። ከፍተኛውን ባነበበው ክንድ አንጓ ላይ የደም ወሳጅ መስመር፣ እግሯ ላይ ካፍ (የግፊት መለኪያ መጠቅለያ) ያድርጉ።

ኤፒዱራል (በጀርባ በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ የሚሰጥ ማደንዘዣ) ከቻሉ 0.5% ቡፒቫኬይን የተባለውን ማደንዘዣ በ3 ወይም 5 ሚሊ ሊትር፣ በየ5 እስከ 10 ደቂቃው፣ ድንዛዜው ጡት ጫፍ እስኪደርስ ይስጡ፤ ድምሩ በኪሎ ከ2 ሚሊ ግራም አይለፍ። የእግሯ ግፊት ከወረደ ግፊት የሚያነሳው ፌኒሌፍሪን 50 ማይክሮ ግራም ይበቃል፤ ዓይንዎ ግን ክንዷ ላይም ይሁን። ከእነዚህ ሕሙማን 10% ገደማ የሚሆኑት የአንጎል ደም ወሳጅ እብጠት አላቸውና ያለ ልክ የናረ ግፊት ሊያፈነዳው ይችላል።

ጠቅላላ ማደንዘዣ ግድ ከሆነ ኬታሚን የተባለው የማስተኛ መድኃኒት ይቅር፤ ግፊቱንም የልብ ምቱንም ይሰቅላል። ሕመም የሚያስታግሰውን ፈንታኒል በኪሎ ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ግራም ሰጥተው 3 ደቂቃ ያህል ሳይጠብቁ ላሪንጎስኮፕ (ለመተንፈሻ ቱቦ ጉሮሮን ማያ መሣሪያ) አያስገቡ። አራስ የሚቀበለው ባለሙያም ሕፃኑ ትንፋሹ ሊደክም እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ።

ማህፀን የሚያኮማትረው ነገር ግን ግፊት የሚያንረው ኤርጎሜትሪን ክልክል ነው። ሌላው ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት ኦክሲቶሲን በቀስታ በሚንጠባጠብ ግሉኮስ ወይም ሳላይን ይሂድ እንጂ 10 ዩኒት በአንድ ጊዜ አይገፋ። የግፊት መድኃኒቷን የላቤታሎል ክኒንም በቀዶ ጥገናው ጠዋት አያስቀሩባት።