ሁለት አጫጭር ልጆች በጥንድ ቴኒስ ይሆንላቸዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቡድናችን አባል ያቀረቡት ጥያቄ በቂ መልስ ሳያገኝ ስለቆየ፣ እዚሁ ጅማ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ለዘጠኝ ዓመታት ጥንድ ሆኜ የሜዳ ቴኒስ የተጫወትሁ እንደመሆኔ የማውቀውን ልጽፍልዎ ወደድሁ። ጥያቄዎን በአጭሩ ላስታውስ። ልጅዎና የጎረቤትዎ ልጅ አብረው ይለማመዳሉ፤ ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ የልጅዎ ሰርቭ፣ ማለትም እያንዳንዱን ነጥብ የምትጀምርበት ምት፣ ደካማ ነው። አሠልጣኛቸው ጥንድ እንዲጫወቱ ይመክራል፤ እርስዎ ግን ጥንድ ለነጠላ ያልበቃች ልጅ የምትመደብበት ቦታ መስሎዎታል። በተጨማሪም የፓሪሱ ኦሊምፒክ የሴቶች ጥንድ ፍጻሜ ሦስተኛው ሴት ሳይኖረው በ10 ነጥብ በማለቁ፣ ይህ እንደ ሙሉ ጨዋታ ይቆጠራል ወይ ብለዋል። (“ሴት” የሚለው የቴኒስ ቃል ከጾታው ጋር እንዳይምታታ ከዚህ በኋላ ዙር እለዋለሁ፤ ዙር ከብዙ ጌም የተሠራ የጨዋታ ክፍል ሲሆን፣ ጌም ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ሰርቭ እየመታ የሚካሄድ የነጥብ ፉክክር ነው።)

ያንን ፍጻሜ እኔም በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ተከታትየዋለሁ። ጣሊያናውያኑ ሳራ ኤራኒና ጃስሚን ፓኦሊኒ የመጀመሪያውን ዙር በሚራ አንድሬቫና በዲያና ሽናይደር 6 ለ 2 ተሸነፉ፤ ሁለተኛውን 6 ለ 1 ወሰዱ፤ የመለያውን ነጥብ ደግሞ 10 ለ 7 አሸንፈው ለአገራቸው የመጀመሪያውን የቴኒስ የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኙ። ኤራኒ ያን ጊዜ የ37 ዓመት ሴት ነበረች፤ አንድሬቫ ገና 17 ዓመቷ ነበር። የሁለቱ ጣሊያናውያን ቁመት ከ1 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። የኤራኒ ሰርቭ በፍጥነቱ የሚፈራ እንዳልሆነም ቴኒስ የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ስለ ልጅዎ ቁመትና ሰርቭ የጠየቁት ጥያቄ እርስዎ ራስዎ ባዩት ጨዋታ ውስጥ ተመልሷል፤ የቀረው እንዴት ሊሆን እንደቻለ ማስረዳት ነው።

በነጠላ ጨዋታ አንዲት ተጫዋች በየሁለት ጌሙ አንድ ጊዜ ሰርቭ ትመታለች፤ በጥንድ ግን ተራው በአራት ሰው መካከል ስለሚዞር በየአራት ጌሙ አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሳታል። ይህ ብቻ እንኳ የደካማ ሰርቭን ጉዳት በግማሽ ይቀንሰዋል። ከዚያም በላይ ሰርቭ የምትመታው ልጅ ብቻዋን አይደለችም፤ ጓደኛዋ መረቡ አጠገብ ቆማ ኳሷን ለመንጠቅ ስትጠብቅ፣ የተቃራኒ ወገን መላሽ ደካማውን ሰርቭ እንደልቧ ልትመታው አትችልም፤ ከመረቡ ሴት ዐይን የምትሸሽበትን መስመር መፈለግ አለባት። ጀማሪ ተመልካች ኳስ የምትመታዋን ብቻ ስለሚያይ የመረቧ ተጫዋች ሥራ ፈትታ የቆመች ይመስለዋል። እኔ ግን በብዙ ዓመት ልምዴ እንዳየሁት፣ የጥንድ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ኳሷን ባልመታችው ሴት አቋቋም ነው። አንድ እርምጃ ወደ መሐል ስትጠጋ መላሿ ወደ ጠርዙ ለመምታት ትገደዳለች፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ስሕተት ይበዛል።

የሜዳውም ልክ ይህን ያግዛል። የነጠላ ሜዳ ስፋት 8.23 ሜትር ሲሆን የጥንዱ 10.97 ሜትር ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዷ ከአምስት ሜትር ተኩል ያልበለጠ ይደርሳታል። አጭር እግር ያላት ልጅ በነጠላ ስትሮጥ የምትደክምበትን ርቀት እዚህ በሁለት እርምጃ ትሸፍነዋለች። መረቡም በመሐሉ 91.4 ሳንቲ ሜትር፣ በምሰሶዎቹ ዘንድ ግን 1.07 ሜትር ከፍታ ስላለው፣ በመሐል የሚላክ ኳስ ይበልጥ ዝቅ ብሎ ያልፋል። መሐሉን የያዘ ጥንድ ብዙ ነገር ይዟል።

ይሁን እንጂ ይኸው መሐል እኛን አንድ ጊዜ ክፉኛ አስከፍሎናል። በአንድ ውድድር፣ በ10 ነጥብ መለያ 8 ለ 8 ላይ ሳለን፣ በሁለታችን መካከል የመጣችውን ቀላል ኳስ እኔ ለጓደኛዬ፣ እሷም ለእኔ ተውናት። ኳሷ ሁለታችንም እያየናት አለፈች፤ ቀጣዩንም ነጥብ በድንጋጤ አጣን። ያን ዕለት ማታ እስከ ራት ድረስ ሳንነጋገር ቆየን፤ ከራት በኋላ ግን እስከ ዛሬ የምንጠብቀውን ስምምነት አደረግን። ሁለታችንም ቀኝ እጅ ስለሆንን የመሐል ኳስ በግራው ወገን የቆመችው ናት፤ ምክንያቱም ፎርሃንዷ፣ ማለትም በመዳፏ በኩል የምትመታው ምት፣ ወደ መሐል ነው። ከኳሷም በፊት “የእኔ” ወይም “የአንቺ” ብሎ በድምፅ መናገር ግዴታ ሆነ። ልጆችዎ ይህንን ከመጀመሪያው ሳምንት ቢለማመዱት እኛ በሽንፈት የተማርነውን በነፃ ያገኙታል።

በ10 ነጥብ ስለማለቁ ያነሱትን ደግሞ ላብራራ። በሴቶች የሙያ ውድድሮች፣ ግራንድ ስላም ከሚባሉት ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ውጪ፣ የጥንድ ጨዋታ በዙር አንድ እኩል ሲሆን በሦስተኛው ዙር ፈንታ ቀድሞ 10 ነጥብ የደረሰ፣ በሁለትም ነጥብ የበለጠ ጥንድ ያሸንፋል። በአንድ ጌም ውስጥ ነጥቡ 40 እኩል ሲሆንም ሁለት ተከታታይ ነጥብ መጠበቅ ቀርቶ አንዲት ነጥብ ትወስናለች፤ ሰርቩን ከየትኛው ወገን መቀበል እንደሚፈልጉ የሚመርጡት ተቀባዮቹ ናቸው። ዓላማው የጨዋታውን ጊዜ ማሳጠር ነው፤ ብዙዎቹ ተጫዋቾች በነጠላም ስለሚወዳደሩ ጉልበታቸው ይቆጠባል። በግራንድ ስላም ግን ሦስተኛው ዙር በሙሉ ይካሄዳል፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጌም 6 እኩል ሲሆን ብቻ ወደ 10 ነጥብ መለያ ይገባል። እነዚሁ ኤራኒና ፓኦሊኒ በኦሊምፒኩ ማግስት ዓመት፣ የኦሊምፒኩም ቴኒስ በተካሄደበት በፓሪሱ የሮላን ጋሮስ ቀይ አፈር ላይ የፈረንሳይን ዋንጫ ሲወስዱ ሦስተኛውን ዙር በሙሉ ተጫውተው 6 ለ 1 አሸንፈዋል። በሁለቱም ሥርዓት ማሸነፋቸው፣ የ10 ነጥቡ መለያ የዕድል ጉዳይ ብቻ ነው ለሚሉት በቂ መልስ ይመስለኛል።

ጥንድ የነጠላ ውዳቂ አለመሆኑን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። ፓኦሊኒ በዚያው በኦሊምፒኩ ዓመት (2024 እ.ኤ.አ.) በሮላን ጋሮስም በዊምብልደንም ለነጠላ ፍጻሜ ደርሳ ነበር፤ አሜሪካውያኑ እኅትማማቾች ቬነስና ሴሬና ዊልያምስም በጥንድ 14 የግራንድ ስላም ፍጻሜ ደርሰው አንዱንም አልተሸነፉም።

ለጅማ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ኳስ በአየር ላይ እዚህ ይርቃል፤ የዓለም አቀፉ ሕግም ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። እኛ የምንጫወተው በተራው ኳስ ነው፤ ስለዚህ በመረቧ ሴት ራስ ላይ የሚላከው ረጅም ኳስ፣ ሎብ የምንለው፣ በቴሌቪዥን እንዳዩት ከተመታ ከሜዳ ይወጣል። ልጆቹ ከፍ አድርገው፣ ነገር ግን ለስለስ አድርገው መምታት ይልመዱ። ልጅዎም ሰርቯን ከማፍጠን ይልቅ ወደ መሐል መስመሩ ማነጣጠርን ታስቀድም፤ ወደዚያ የሄደ ሰርቭ ለመላሿ ሰፊ ማዕዘን አይሰጣትም።

ዝናቡ ካልከለከለን እኔና ጓደኛዬ ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ሜዳ ላይ ነን። ልጆቹን ይዘው ቢመጡ በተቃራኒው ወገን ቆመን በ10 ነጥብ እናጫውታቸዋለን።