ጥያቄና መልስ፦ የወጌሻ እጅ የት ድረስ ያድናል?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለምና በእሱ እጀምራለሁ።

ጥያቄ፦ ለውድድር ረጅም ሰዓት በአውሮፕላን ተጉዤ በደረስኩ ማግስት አንደኛው ባቴ አበጠ። ይሞቃል፣ ሲነኩትም ያማል። ወጌሻችን አጥብቆ ሊያሸኝ ፈልጓል።

መልስ፦ አይፍቀዱለት። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥና ሲሞቅ በውስጠኛው የደም ሥር ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥም ለዚህ ያጋልጣል። የረጋው ደም ሲታሽ ተላቆ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ብስክሌተኛ ነኝ። ጉልበቴን በውጭ በኩል ይወጋኛል። በየሳምንቱ የጭኔን ጎን ታሽቼ ለሁለት ቀን ይሻለኝና ይመለሳል።

መልስ፦ በጭንዎ ጎን የሚወርደው እንደ ቀበቶ የጠነከረ ሽፋን ነው፤ ምንም ያህል ቢጫኑት አይረዝምም። የሚታሹ ከሆነ ከላይ ሆነው እሱን የሚወጥሩት የመቀመጫና የዳሌ ጡንቻዎች ይታሹልዎ። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ብስክሌቱን ነው። በደቂቃ 90 ጊዜ ፔዳል የሚመታ ሰው በሰዓት 5,400 ጊዜ ጉልበቱን ያጥፋል፤ ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ካለ ወይም ጫማው ፔዳሉ ላይ ወደ ውስጥ ዞሮ ከታሰረ ጉዳቱ ያንኑ ያህል ይደጋገማል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ መታጠፍ አለበት። ይህ ሳይስተካከል የወጌሻዎ ድካም ከንቱ ይቀራል፤ ያሳዝነኛልም።

ጥያቄ፦ ማሳጅ ላክቲክ አሲድን ከጡንቻ ያስወጣል?

መልስ፦ አያስወጣም፤ በከባድ ልምምድ ጊዜ ጡንቻ ውስጥ የሚከማቸውን ይህን ነገር ልምምዱ ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ሰውነት ራሱ ያጸዳዋል። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚበረታው ሕመም የሚመጣው በጡንቻው ላይ ከደረሱ ጥቃቅን ጉዳቶች ነው። ማሳጅ ያንን ሕመም በመጠኑ ያስታግሳል፤ ነገ እንደገና ለሚጋልብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ «ካላመመ አይሠራም» ይሉኛል።

መልስ፦ ይህን አባባል አጥብቄ እቃወማለሁ። ትንፋሽ የሚያስይዝ ሕመም ጡንቻው እንዲላላ ሳይሆን እንዲኮማተር ያደርጋል። ጣሊያናዊው ብስክሌተኛ ፋውስቶ ኮፒ እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1952 ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን የብስክሌት ውድድር አሸንፏል፤ ወጌሻው ቢያጆ ካቫና ዓይነ ስውር ነበር፤ የታወቀውም ጡንቻን በጣቱ ዳስሶ በመረዳት ነው። ጥሩ እጅ ያዳምጣል። ሲያምዎት ይናገሩ፤ ሰምቶ የማያላላ ከሆነ ሌላ ወጌሻ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ በውድድር ዋዜማ ጠንከር ያለ ማሳጅ ልውሰድ?

መልስ፦ ጠንከር ያለውን ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት ይጨርሱት። በዕለቱ ጥቂት ደቂቃ ለስለስ ያለ ማሻሸት ይበቃል፤ እሱም ሰውነት ማሟሟቂያውን አይተካም።