ባምፐር ላይ ወፍራም ስፖንጅ ብቻውን እግር አያድንም

የጥያቄው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የአንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና የፊት ባምፐር እየተነደፈ ነው። ከብረቱ ፊት 150 ሚ.ሜ. የፍራሽ ስፖንጅ ተደርጎ በፋይበር ቢሸፈን፣ እግረኛ ሲመታ ጉዳቱ ይቀንሳል ወይ?

እምብዛም አይቀንስም። መጀመሪያ መታየት ያለበት ከፍታው ነው፤ ልስላሴው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የቤት መኪና የባምፐር ብረት ከመሬት ከ400 እስከ 500 ሚ.ሜ. ላይ የሚቀመጠው መኪና ከመኪና ሲጋጭ ብረት ከብረት እንዲገናኝ ነው። የአሜሪካው ደንብ ከ16 እስከ 20 ኢንች ይላል፣ ያው ነው። ችግሩ የአዋቂ ሰው ጉልበትም እዚያው አካባቢ መሆኑ ነው። መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመታው ከጎኑ ነው፤ ጉልበት ወደ ጎን አይታጠፍም። ብረቱ ጉልበቱን ገፍቶ ሲሄድ ከሥር ያለው እግር የሚደግፈው ስለሌለ መኪናው ሥር ይገባል፣ ጭኑ በላይኛው የሰውነት ክብደት ባለበት ይቀራል፣ የጉልበቱ ጅማት ይበጠሳል። የተሰበረ ቅልጥም በጀሶም በኦፕሬሽንም ይጠገናል፤ የተበጠሰ የጉልበት ጅማት ግን ሰውን ዕድሜ ልኩን ሊያስነክስ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚነደፈው ከታች ያለው ደጋፊ ነው። ከመሬት ከ200 እስከ 280 ሚ.ሜ. ላይ፣ ከባምፐሩ ሽፋን ታችኛው ከንፈር በስተጀርባ፣ በመኪናው ወርድ የሚሄድ አግዳሚ ይደረጋል። በፋብሪካ መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ፕላስቲክ ሆኖ ከራዲያተሩ መያዣ ጋር ይታሰራል፤ በናንተዋ መኪና ከሻሲው ጫፎች በሁለት ቅንፍ ማውጣት ይቻላል። ፊቱ ከላይኛው ፎም (ከባምፐሩ ብረት ፊት ከሚደረገው ልስልስ ሙሊት) ፊት ጋር እኩል፣ ቢበዛ ትንሽ ወደ ፊት ይሁን። ወደ ኋላ ከቀረ እግሩን የሚያገኘው ጉልበቱ ከታጠፈ በኋላ ስለሆነ ከንቱ ነው። ከላይኛው ፎም ጠጠር ይበል፣ ግን እንደ ባምፐሩ ብረት አይሁን፤ ከመጠን በላይ ከደረቀ ጉልበቱን ያድንና ቅልጥሙን ይሰብራል። በኮምፒውተር ሲፈተሽ ይህ ቶሎ ይታያል፦ የጅማቱ መሳሳብ ሲወርድ የቅልጥሙ ሞመንት (አጥንቱን የሚያጥፈው ጫና) ይወጣል። ሁለቱ አብረው ከገደብ በታች እስኪገቡ ድረስ መመላለስ ነው፤ አብዛኛው የንድፍ ጊዜ የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ስፖንጁ። ለሙከራ የሚወረወረው ሰው ሠራሽ እግር 13.2 ኪ.ግ. ይመዝናል፣ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪ.ሜ. ወይም በሰከንድ 11.1 ሜትር ነው። የተሸከመው ኢነርጂ ወደ 815 ጁል ይሆናል። የፍራሽ ስፖንጅ በጣት ሲጫኑት የሚሰምጥ ነገር ስለሆነ ከዚያ ውስጥ የሚውጠው ጥቂቱን ነው፤ ተጨምቆ ያልቅና እግሩ ያንኑ ብረት ያገኛል። 150 ሚ.ሜ. ቢሆንም ቦታ ማባከን ነው።

በቂ ክፍተት ምን ያህል እንደሆነ በእጅ ማስላት ይቻላል። የቅልጥሙን ፍጥነት መቀነስ ከመሬት ስበት 150 እጥፍ ባልበለጠ እንያዝ (በቀድሞው የሙከራ እግር ሕጋዊው ገደብ 170 ነበር)። የፍጥነቱን ካሬ በ2 ጊዜ 1,470 (150 ጊዜ 9.8) ስናካፍል 42 ሚ.ሜ. ይመጣል። ይህ ግን ኃይሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ከሆነ ነው። ፎም 70 ከመቶ ያህል ከተጨመቀ በኋላ ድንጋይ ስለሚሆን 42ቱ 60 ይሆናል፤ ኃይሉ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ትንሽ ሲጨመርበት ከሽፋኑ እስከ ብረቱ ከ70 እስከ 80 ሚ.ሜ. ያስፈልጋል። የሚሞላውም ኢ.ፒ.ፒ. የሚባለው የፖሊፕሮፒሊን ፎም ነው፤ በሊትር ከ30 እስከ 60 ግራም ባለው ጀምሩ። የቴሌቪዥን ማሸጊያው ነጭ ፎም ለሙከራ ያህል ይሠራል፣ ነገር ግን አንዴ ከተሰባበረ አይመለስም፤ ግድግዳ ነካ ባደረገ ቁጥር መቀየር ሊኖርበት ነው።

ለሽፋኑ ፋይበር ባትጠቀሙ ይሻላል። ሲሰበር እንደ ምላጭ የሳለ ጠርዝ ያወጣል። የፋብሪካ ሽፋን 3 ሚ.ሜ. ገደማ የሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ይታጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ፋይበሩ ስስ ይሁን፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፍ።

የሚረሱት ደረቅ፣ ማለትም የማይጨመቁ፣ ነጥቦች ብዙ ናቸው፦ የመጎተቻ መንጠቆው ማሰሪያ፣ የታርጋው ላሜራ፣ የጡሩንባው ቅንፍ፣ የጭጋግ መብራቱ ቤት፣ የባምፐሩ ብረት ሁለቱ ጫፎች። ፎሙ መሀል ላይ ደህና ሆኖ ጫፍ ላይ ከሳሳ፣ ጫፍ ላይ የቆመው ሰው እግሩን ያጣል። ፍተሻው መሀል ላይ ብቻ ከተደረገ አልተፈተሸም በሉት።

በሲሙሌሽን ስትፈትሹ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 127ን ተከተሉ። የእግሩ ታችኛ ጫፍ ከመሬት 75 ሚ.ሜ. ከፍ ብሎ ነው የሚመታው፤ መሬት ላይ አቁሞ መምታት የተለመደ ስህተት ነው፣ ውጤቱንም ያዛባል። ገደቦቹ፦ የውስጠኛው የጎን ጅማት መሳሳብ 22 ሚ.ሜ.፣ የመስቀለኞቹ ጅማቶች 13 ሚ.ሜ.፣ የቅልጥም ሞመንት 340 ኒውተን ሜትር። ላብራቶሪ ከሌለ ተመጣጣኙን ኢነርጂ በመጣል ማግኘት ይቻላል፤ 13.2 ኪ.ግ. የተጫነበት የውጭ ዲያሜትሩ 70 ሚ.ሜ. የሆነ ቱቦ ከ6.3 ሜትር ከፍታ በነፃ ሲወድቅ ወደዚያው ፍጥነት ይደርሳል። ይህ ፎሙ አልቆ ብረት መንካት አለመንካቱን ያሳያል፤ ስለ ጉልበት ግን ምንም አይነግርም።

የመንገዱ ነገር እውነተኛ ጥያቄ ነው። ከመሬት 200 ሚ.ሜ. ላይ ያለ አግዳሚ ኮብልስቶን ዳገትና ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ይላጋል፤ ባለመኪናውም ነቅሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ከሥር ሲነካ ወደ ኋላና ወደ ላይ እንዲተጣጠፍ፣ ከፊት ሲገፋ ግን እንዲደገፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ከ280 ሚ.ሜ. በላይ ከፍ ማድረግ ግን ሥራውን ይቀንስበታል።

ከጥያቄው ሥር «ቱቦ ብረት ይበየድበት» ላላችሁት፣ ያ የመኪናውን መብራት ያድናል፣ ሰውን ይጎዳል። 2 ኢንች ቱቦ ኃይሉን ሁሉ በአንድ መስመር ያሳርፋል፤ ሲመታ አዋቂን ጭኑ ላይ፣ ሕፃንን ደረቱ ወይም ጭንቅላቱ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ዓይነቱ ተጨማሪ ብረት የተለየ መመሪያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጭንቅላት ደግሞ በባምፐር አይድንም። እሱ የኮፈኑና የመስታወቱ ጉዳይ ነው፤ በኮፈኑና ከሥሩ ባለው ደረቅ ነገር መካከል ስለሚተወው ክፍተት ለብቻው ጠይቁ። እስከዚያው የላይኛውና የታችኛው ደጋፊ ከመሬት ስንት ሚ.ሜ. ላይ እንዳሉ የሚያሳይ የጎን ሥዕል ለጥፉልን፤ ያለ እሱ ስለ ፎሙ ውፍረት መከራከር አይቻልም።