አዲሱ መጽሐፍ መቼ ይደርሰናል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል። አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

አዲስ አበባ የወጣ መጽሐፍ እኛ ጋ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። አንዳንዱ ጭራሽ አይመጣም። ለምንድን ነው? (ከቀበሌ 14)

ብዙ ሰው መጽሐፍ ሲታተም በሕግ ለየከተማው ላይብረሪ የሚታደል ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 አሳታሚዎች ቅጂ እንዲያስገቡ የሚያዘው አዲስ አበባ ላለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ወመዘክር ለምንለው። ወደ እኛ የሚመጣው ወይ ተገዝቶ ነው፣ ወይ በስጦታ።

ግዢው ደግሞ በጀት ይጠብቃል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቢጀምርም እቅዱ የሚሠራው ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ፕሮፎርማ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ርክክብ አለ። የአማርኛ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚታተመው በጥቂት ሺህ ቅጂ ስለሆነ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር መጽሐፉ ከገበያ ሊያልቅ ይችላል።

መጽሐፉ ከገባም በኋላ ወዲያው መደርደሪያ ላይ አይወጣም። መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ጀርባው ላይ ወረቀት ይለጠፍበታል። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ ስታጣው ዝም ብለህ አትውጣ። «አዲስ ከገቡት ውስጥ ይኖር ይሆን?» ብለህ ላይብረሪያኑን ጠይቅ።

ከሁሉ በላይ የምለምንህ ግን በጽሑፍ እንድትጠይቅ ነው። የመጽሐፉን ርእስ፣ የደራሲውን ስም ከነአባቱ፣ የታተመበትን ዓመት ጽፈህ ስጥ። የአስተያየት መዝገብ ካለ እዚያው አስፍረው። የግዢ ዝርዝር ሲዘጋጅ አንባቢ የጠየቀው መጽሐፍ ካልተመዘገበ የሚገዛው አቅራቢው እጅ ላይ ያለው ነው። አሥር ሰው አንድ መጽሐፍ ጠይቆ ከፈረመ ግን ላይብረሪያኑ በጀት ስብሰባ ላይ የሚያሳየው ነገር አገኘ ማለት ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አስገቡ። እኔ እንደማየው ችግራችን ግማሹ እዚህ ላይ ነው፦ «የለም» ሲሉን «እሺ» ብለን እንወጣለን።

ፈተና ሲደርስ መቀመጫ አይገኝም። ሁሉም የራሱን ደብተር ይዞ ነው የሚመጣው። (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

እውነትሽን ነው። ግን ቤቱ ጠቦት፣ መብራት እየጠፋበት የሚመጣውን ተማሪ «ደብተር ይዘህ አትግባ» ማለት አይሆንልኝም። በማለዳ ሂጂ። ቦታ ይዞ፣ ቦርሳ አስቀምጦ ለሰዓታት መጥፋት ግን መቅረት አለበት፤ ይህን ለኃላፊው ንገሩት። ጓደኞችሽንም ምከሪ።

መጽሐፍ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ምንድን ነው? መጽሐፍ ፈልጎ ማግኘት አቃተኝ። (ከግሽ ዓባይ)

ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት የዲዊ አመዳደብ ነው። ቁጥሩ የመጽሐፉን ጉዳይ ይነግርሃል። ሦስቱን ብቻ ያዝ፦ የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ የአማርኛ ቋንቋ 492.87፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87። ከቁጥሩ ሥር ያሉት ፊደላት ብዙ ጊዜ የደራሲው ስም ምልክት ናቸው።

አንድ ነገር ልብ በል። ኢትዮጵያዊ ደራሲ መፈለግ ያለበት በራሱ ስም ነው። የውጭ አገር አሠራር ደግሞ የመጨረሻውን ስም ያስቀድማል። ኮምፒውተር ላይ ስትፈልግ በራሱ ስም ካጣኸው በአባቱ ስም ሞክር። ብዙ «የለም» የተባለ መጽሐፍ እንዲህ ይገኛል።

ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ልብ ወለድ ማንበብ ይፈልጋል፤ ላይብረሪው ግን የብሬል መጽሐፍ የለውም። ምን እናድርግ? (እህቱ፣ ከሽምብጥ)

እህቴ፣ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የማራካሽ ስምምነትን ተቀላቅላለች። ስምምነቱ የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጽሐፍን በብሬል፣ በድምፅ ወይም በኮምፒውተር በሚነበብ መልክ ለማዘጋጀት የደራሲውን ፈቃድ መጠየቅ እንዳያስፈልግ በር ይከፍታል። ይህን ማድረግ ከሚችሉት መካከል ለትርፍ ያልቆሙ ተቋማት ይገኛሉ፤ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ጭምር። ስለዚህ ላይብረሪው «የቅጂ መብት ይከለክለናል» ካለሽ ስምምነቱን በስሙ ጥሪለት።

ብሬል ውድ ነው፤ አንድ ልብ ወለድ ብቻውን ብዙ ጥራዝ ይሆናል። ለልብ ወለድ ድምፅ ይሻላል። ስቱዲዮ አያስፈልግም። ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ ስልክ፣ ጥሩ አድርጎ የሚያነብ በጎ ፈቃደኛ ይበቃል። እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው ይቀዳ፤ መጀመሪያው ላይ የመጽሐፉ ርእስና የምዕራፉ ቁጥር ይነገር። ቅጂው ላይብረሪው ዘንድ ይቀመጥ እንጂ ቴሌግራም ላይ አይበተን፤ ፈቃዱ ለሁሉም ሰው አይደለምና።

ስልኩ ጽሑፍ የሚያነብለት ከሆነ ደግሞ ይህን እወቂ፦ በስካነር የተነሣ ፒዲኤፍ ለስልኩ ፎቶ ነው፣ ብዙ ጊዜ አያነብለትም። ፊደሉ የተተየበውን ፋይል ጠይቂ። የዚህ ከተማ ወጣቶች በሳምንት አንድ ሰዓት ለዚህ ቢሰጡ ብዬ ከልቤ እመኛለሁ። ላይብረሪው ጥሪ ያድርግ፤ አንባቢ አይጠፋም።

ከዘጌ መመላለስ ይከብደኛል። መጽሐፉን ተውሼ ሙሉውን ኮፒ ባደርገው ችግር አለው?

አዎ፣ አለው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት ለራስህ ጥናት ጥቂት ገጽ ማባዛት ትችላለህ። ሙሉውን ወይም አብዛኛውን ክፍል ግን አትችልም። ኮፒ ቤቱ እሺ ቢልህም ሕጉ አይለወጥም። ከምትመላለስ፣ ዋስ ወይም መያዣ አቅርበህ መዋስ ይቻል እንደሆነ ጠይቅ፤ የመመለሻ ቀኑም ርቀትህን እንዲያገናዝብ ንገራቸው።

ጥበቃው ግን ለዘላለም አይደለም። ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ነው። ለአንተ የሚሆን ምሳሌ አለኝ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀው ጦቢያ በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት እዚያው ዘጌ ነው። በፖለቲካ ሕይወታቸው ብዙ ያነጋግራሉ፤ መጽሐፋቸው ግን የአማርኛ ልብ ወለድ መነሻ ነው። ካረፉ ከ50 ዓመት በላይ ስለሆነ ጽሑፉን ሙሉውን ብታባዛው የሚጠይቅህ የለም። የዘጌ ትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ እጅ ቢገባ ደስታውን አልችለውም።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ቤት ሙሉ መጽሐፍ አለኝ፤ ለላይብረሪው ልስጥ እላለሁ። ይቀበሉኛል? (ከቀበሌ 16)

የኔታ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባጃጅ ላይ ከመጫንዎ በፊት ዝርዝር ይላኩላቸው፤ ሁሉንም ላይፈልጉት ይችላሉ። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ የድሮ የተማሪ መጽሐፍ አሁን ለክፍል አይረዳም። የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ታሪክ፣ መዝገበ ቃላት ግን ሁሌም ይፈለጋል።

እንደ መነንና የካቲት ያሉ የቆዩ መጽሔቶች ካሉዎት ለይተው ያስቀምጡልኝ። ወጣት ተመራማሪ እነሱን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። የሐይቁ እርጥበት በክረምት ወረቀት ያሻግታልና ከግድግዳ አርቀው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ይደርድሯቸው። የተቀደደውን ገጽ በፕላስተር አይለጥፉት፤ ሙጫው ወረቀቱን ያቃጥለዋል። እንዳለ በፖስታ ውስጥ አድርገው ከመጽሔቱ ጋር ያስረክቡ።